ያልተነበበችው መስመር

መስከረም 9 ቀን

ለተወደድሽው እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በርሽን ክፉ አይርገጠው፤ እጅሽን አይያዘው፤ የወለድሻቸው አድገው ይጡሩሽ። የአክስትሽ ልጅ ብሆንም አንድ አልጋ ላይ ያደግን ነን። ስለዚህ እንደ ታላቅ እህት እጽፍልሻለሁ፤ እንደ ታላቅ እህትም እቆጣሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያደረሰችልሽ ሴት እዚህ ሰው አገር ከእኔ ጋር በሆቴል ልብስ ማጠቢያ የምትሠራ ናት፤ ለዕረፍት አገር ቤት እየገባች ነው። ሥራችን ምድር ቤት ነው፤ እሷ አንሶላውን ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ ይዘን ወደ መተኮሻው ማሽን እናስገባለን። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቆመን ስለምንውል ያንቺን ቤት ጉዳይ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። በእሷ እጅ ትንሽ ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። ዘይት ነው። የምጸልይበት ቤት አባት አርባ ቀን ጸልየውበታል። በክራንች ተደግፋ የገባች ሴት በዚህ ዘይት ተቀብታ፣ ክራንቹን ጥላ ስትወጣ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ሰው ነገረኝ አላልኩሽም። ዘይቱ ለትንሿ ነው። ከመተኛቷ በፊት ግንባሯን፣ ደረቷንና የውስጥ እግሯን ቀቢያት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክኒኑን አቁሚ። ይህን ሁሉ ዓመት ዋጠች፤ ይኸው የሚጥል በሽታዋ አልለቀቃትም፣ አሁንም ትወድቃለች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ክኒን እያዋጡ ዘይት መቀባት ፈጣሪን «ካልቻልክ ሐኪም አለልኝ» እንደማለት ነው። ዘይቱ ቤትሽ ከገባበት ቀን ጀምሮ አንድ ፍሬ እንኳ እንዳትውጥ።

ይህን ለምታነብልሽ ትልቋ ልጅሽ ሰላም በያት። አፍ የለሽ የምትሏት ልጅ አሁንም እንደዚያው ናት? ለማንበብ እንኳ አፏን መክፈቷ ጥሩ ነው።

ሰላሙን ያብዛልሽ።
እህትሽ


ጥቅምት 14 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በታች ያለው እናቴ እየተናገረች የጻፍኩት ነው።

«እህቴ ሆይ፣ ጠርሙሱ ሳይሰበር ደርሶኛል። ያመጣችልኝም ሴት ተባርካ ትኑር፤ ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላ ቆማ ነው የሄደችው፣ ቆሞ መዋል ለምዶባት ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ። ትራስ መስፋቱ አልቆመም፤ ቤቱ ግን በብጥስጣሽ ጨርቅ ተሞልቶ የምንተኛበት ጠፍቷል። ትንሿን ማታ ማታ እቀባታለሁ። የውስጥ እግሯን ስነካት ኮርኩረሽኝ ብላ ትስቃለች። ስትስቅ ደስ ይለኛል። ላንቺም እንዳሰብሽልኝ ያስብልሽ። መቼ ነው የምትመጪው? የማላውቅሽ እየሆንሽ ነው።»

የእናቴ ቃል እዚህ ላይ አበቃ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው፤ እሷ አልሰማችውም።

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሳነብላት አንዲት መስመር ዘልያለሁ። እናቴ መስፊያው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ መርፌውን እያየች። እኔ ቤታችንን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ አጠገብ ቆሜ ነበር። «ክኒኑን አቁሚ» የሚለውን ዓይኔ ቀድሞ አየው። አፌ እዚያ ሲደርስ አለፈው። እስከ «አንድ ፍሬ እንኳ እንዳትውጥ» ድረስ ያለውን ሁሉ ትቼ ወደ ሰላምታው ሄድኩ። በቦታው ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ይህን የምነግርዎት እንዲቆጡኝ አይደለም። መልሰው እንዳይጽፉት ልለምንዎት ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ክኒኑን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው ብሎ ለእኔም ለእናቴም ነግሮናል። እናቴ ደግሞ እርስዎ ካሉ ታደርገዋለች። ከሐኪሙ ይልቅ እርስዎን ታምናለች። ዘይቱን ትቀባ፣ እኔ ምንም አልልም። ክኒኑን ግን ይተዉልን።

በእርስዎና በእኔ መካከል ይቅር።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ለእናትሽና ለትንሿ ነው። አንቺን ልቦና ይስጥሽ ከማለት በቀር የምመርቅሽ የለኝም።

ደብዳቤሽን በእረፍት ሰዓት፣ የእርጥብ ልብስ ጋሪ ላይ ተደግፌ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። የሥራ ባልደረባዬ ፊቴን አይታ «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። «አይ፣ ዳኛ ተወለደብኝ» አልኳት።

አፍ የለሽ ሲሉሽ አዝንልሽ ነበር። ለካ አፍሽን ለወረቀት ቆጥበሽው ኖሯል። ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው? አያቶችሽ በዚህ እምነት ኖረው በዚህ እምነት ተቀብረዋል። እነሱ ሁሉ ሞኞች ነበሩና አንቺ ብቻ ነቃሽ? ያንቺው ሴት አያት አንድ ክረምት በትኩሳት ተይዛ፣ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ከሄደ በኋላ በጸሎት ተነሥታለች። እኔና እናትሽ የአልጋዋ እግር ሥር ተቀምጠን አይተናል። ያ ጸሎት ባይኖር እናትሽ ያለ እናት ታድግ ነበር። ጠይቂያት።

«በእርስዎና በእኔ መካከል ይቅር» ትያለሽ። እኔና አንቺ ምን አለንና ነው በመካከላችን የሚቀረው? የእኔ ደብዳቤ ለእህቴ ነው። አንቺ ዓይኗ እንጂ አሳቢዋ አይደለሽም። ዓይን ያየውን ያሳያል፤ ደስ ያላለውን አይጨፍንም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። የመስከረሙን ደብዳቤ አውጪና ያቺን መስመር ሳትዘይ አንብቢላት። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ላይ «ሰምቻለሁ» ብለሽ ጻፊ፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክረሽ ከሥሩ አስፈርሚያትና ላኪልኝ። አሻራዋ እስኪደርሰኝ ድረስ ከእኔ የሚላክ ገንዘብ የለም። ለክኒንም ቢሆን፣ ለቤት ኪራይም ቢሆን፣ ለምንም።

ክፉውን መንፈስ ከልብሽ ያውጣልሽ።
የእናትሽ እህት


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከልቤ ያልሆነ ምርቃት መጻፍ ስላልፈለግሁ ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ። ጤና ይስጥልኝ ያልኩት ግን ከልቤ ነው።

አሻራውን አልላክሁም። ማግኘቱ ከባድ ሆኖ አይደለም። እናቴን «እማዬ፣ እዚህ ጋ ጣትሽን» ካልኳት ምንድን ነው ሳትል ትነክረዋለች። የትራስ ርክክብ ነው ብዬ ባስፈርማትና ብልክልዎት በምን ያውቃሉ? አሻራ የማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደተነበበላት አይናገርም። አለመዋሸቴን የሚያውቁት እኔን ካመኑኝ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ አያምኑኝም። ታዲያ አሻራው ምን ያደርግልዎታል?

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን የምሠራው ጫጩት መፈልፈያ ውስጥ ነው። መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እያንዳንዱን እንቁላል ቀዳዳ ያላት መብራት ላይ አስጠግቼ አያለሁ። ማሽን ውስጥ በገባ በሰባተኛው ቀን ሕይወት ያለው ከሆነ እንደ ሸረሪት ድር ቀያይ ሥሮች ይታዩበታል። ባዶ ከሆነ እንደ ማር ዝም ብሎ ያበራል። ባዶውን አወጣለሁ። ሥራው ከሰው ጋር ስለማያናግር ይስማማኛል።

እንቁላሉን የምናከማችበት ክፍል አለቃ አንዲት ትልቅ ሴት ናት። መብረቅ የሰማ እንቁላል ውስጡ ይደነግጣል፣ አይፈለፈልም ትላለች። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሁላችንም እየሮጥን ትሪዎቹን በቀይ ጨርቅ እንሸፍናለን፤ እሷ ትጸልያለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው። አንድ ቀን ሦስት ትሪ መሸፈን ረሳሁ። መብረቁ ጣሪያው ላይ የወደቀ እስኪመስል ድረስ ጮኸ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ፈራሁ። የትኞቹ እንደሚበላሹ ለማወቅ ግን እያንዳንዱ ቅርፊት ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደረግሁ። በሃያ አንደኛው ቀን ነጥብ ያለባቸውም የሌለባቸውም እኩል ተፈለፈሉ። እንዲያውም ነጥብ ካለባቸው አንዱ ትሪ ከሁሉም በለጠ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሆን ብዬ ሳልሸፍን ተውኩ። ያው ነው። አለቃችን ውሸታም አይደለችም። ሳትሸፍን አይታ አታውቅም እንጂ።

ትንሿንም እንዲሁ ከመጋረጃው ጀርባ ግድግዳው ላይ በእርሳስ እመዘግባለሁ። ክረምቱን፣ ዘይቱ ሳይመጣ፣ በክኒን ብቻ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ወደቀች። መስከረምና ጥቅምትን በክኒንና በዘይት አንድ ጊዜ ወደቀች። ኅዳር ሲገባ ጤና ጣቢያው ክኒኑ አለቀበትና ዘጠኝ ቀን ያለ ክኒን ቆየች። ዘይቱን እናቴ አንድም ማታ አላስታጎለችም። በዘጠኙ ቀን አምስት ጊዜ ወደቀች። በአራተኛው የመስፊያው ብረት መርገጫ ግንባሯን ሰነጠቀው። የተቀባችበትን ቦታ ነው የሰነጠቀው እትዬ። ደሙና ዘይቱ አብረው ወረዱ። ክኒኑ ከመጣ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልወደቀችም።

ስለ አያቴ እናቴን ጠየቅኋት። ትኩሳቱና ጸሎቱ እውነት ነው አለችኝ። «ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ምን አደረገ?» አልኳት። «ሦስት ቀን መርፌ ወጋቻት» አለችኝ። ሐኪሟ ሴት ነበረች። እርስዎ እሷን ከታሪኩ ያወጧት ለምንድን ነው? እኔ አንዲት መስመር ብዘል እርስዎም የዘለሉት አለ።

በክራንች የገባችውን ሴት ከዚያ ቀን በኋላ አይተዋት ያውቃሉ? በሳምንቱ በምን እንደምትሄድ አይተዋል?

ክኒኑን ከደሞዜ እየገዛሁ ነው። የቤት ኪራዩን እናቴ ትራስ ጨምራ እየሰፋች ትከፍላለች። ለምን እንደማይልኩ ስትጠይቀኝ ሥራ ቀንሶባቸው ይሆናል አልኳት። ይህም ውሸት ነው፤ ለእርስዎ ብዬ የዋሸሁት ነው።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 4 ቀን

ለአንቺ፣

እናትሽን ሰላም በያት አልልሽም። የእኔ ሰላምታ በሌላ ሰው አፍ ይደርሳታል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ቶሎ ያልመለስኩት የምለው አጥቼ አይደለም፤ ልጅ ላይ እጄን እንዳላነሣ ነው። በወረቀትም ቢሆን እጅ ይነሣል።

አምላክ እንቁላል አይደለም በመብራት የሚታይ። አንቺ በእርሳስ ነጥብ እያደረግሽ የምትፈትኚው የዓለምን ፈጣሪ ነው። ትንሿ አምስት ጊዜ ወደቀች ብለሽ ጻፍሽልኝ። ለምን እንደወደቀች ልንገርሽ? አንድ ጣሪያ ሥር እናት እያለቀሰች ስትቀባ፣ እህት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና እስክትወድቅ ስለምትጠብቅ ነው። ዘይቱን ያከሸፈው ያንቺ ዓይን ነው። ልጅቷን የጣላት በሽታዋ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። ግንባሯን ባየሽ ቁጥር ይህን አስቢ።

ስለ ክራንቿ ሴት የጠየቅሽኝን አልመልስልሽም።

ዘጠኝ ዓመት ለምን አገሬ እንዳልገባሁ አንድ ቀን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ወረቀት የላትም ይላሉ። ወንድ ይዛ ቀረች ይላሉ። እናትሽም «መቼ ትመጫለሽ» ትለኛለች፣ መልስ አልሰጣትም። ትንሿ በስድስት ወሯ መጀመሪያ የወደቀች ጊዜ፣ እናትሽ በጎረቤታችሁ በጸሐፊው እጅ አስጽፋ ላከችልኝ። ያን ደብዳቤ ኪሴ ከትቼ፣ መተኮሻው ፊት ቆሜ ተሳልኩ። ይህች ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትወድቅ እስክትኖር ድረስ አገሬን አልረግጥም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ሲቀበር እዚህ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ላግባሽ የሚል ሰው መጥቶ መልሼዋለሁ፤ አገር ቤት ገብተን እንጋባ ስላለኝ። አንቺ በእርሳስሽ የምትሰርዢው ይህን ነው። የእኔን ዘጠኝ ዓመት። እንዲህ በቀላሉ የሚሰረዝ መሰለሽ?

እንግዲህ ስሚ። ሁለተኛ ደብዳቤ ለጸሐፊው ልኬያለሁ። ጡረታ ቢወጡም ማንበብ አልተዉም። እናትሽን አስጠርተው ያነቡላታል። መስመር እንደዘለልሽ፣ አምስት ወር እንደደበቅሻት፣ ክኒኑን እንድታቆም ማለቴን፣ ሁሉንም ደግሜ ጽፌዋለሁ። ይህ በደረሰሽ በሳምንት ውስጥ ይደርሳቸዋል። መነጽራቸው ወፍራም ነው፤ መስመር ግን አይዘሉም።

እንበልና ዘይቴ ባዶ ነው። ያንቺ እውነት ግን በምን ላይ ቆመ? እውነት እወዳለሁ የምትል ልጅ የማታነብ እናቷን አታለለች። ይህንንም ግድግዳው ላይ ጻፊው።

የእናትሽ እህት


የካቲት 27 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት ጸሐፊው ለእናቴ ያነቡላታል። እሷ ናት እንዲህ ያዘዘችው። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ እሷም ትሰማዋለች።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ከሥራ በቀጥታ ወደ ጸሐፊው ቤት ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስሩ ነበር።

«ደብዳቤ መጥቶልዎታል?» አልኳቸው።

«ለእኔ ከጡረታ ቢሮ በቀር ማን ይጽፍልኛል? እነሱም ሞቷል ወይስ አለ ለማለት ነው» አሉኝ።

«ከመጣ ፖስታ ቤት ሄጄ ላምጣልዎት» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ልከተው እችል ነበር፤ ዛሬም ድረስ እያነበብኩላት፣ እየዘለልኩ እኖር ነበር። የጻፉልኝ የመጨረሻ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ነበር። ስላናደደኝ እንጂ ስለረታኝ አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቢሆንም ላምጣልዎት አላልኳቸውም። ደህና ይዋሉ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ትራስ እየዘጋች ነበር። ትንሿ የጨርቁ ክምር ላይ ተኝታለች። የእርስዎን ደብዳቤዎች ሁሉ ከሣጥን አውጥቼ «እማዬ፣ ከመስከረም ጀምሮ እንደገና ላንብብልሽ» አልኳት። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ፤ መርገጫውን ግን አላቆመችም። ማንበብ ጀመርኩ። ያቺ መስመር ላይ ስደርስ እግሯ ቆመ።

«ድገሚያት።»

ደገምኳት።

«መስከረም ላይም ነበረች?»

«ነበረች።»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ?»

«አዎ።»

«አንቺ እዚያ ቆመሽ?»

«አዎ እማዬ።»

«በቦታው ምን ብለሽ አነበብሽልኝ?»

«ምንም።»

«ምንም» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «በይ ጨርሺ።»

ሁሉንም ጨረስኩ። የኅዳሩንም፣ የየካቲቱንም። እኔ የጻፍኩትንም በቃሌ ነገርኳት። ስለቱ ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ዞር ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«ብታነቢልኝ ኖሮ ክኒኑን አቆም ነበር?»

«ታቆሚያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«በምን አወቅሽ? መብራት ላይ አስጠግተሽ አየሽኝ? እንቁላል መሰልኩሽ?»

ደብዳቤዎቹን ሰበሰብኩ። እሷ ቀጠለች፦

«እሷ እዚያ ሆና ለልጄ ትወስናለች። አንቺ እዚህ ሆነሽ ለልጄ ትወስኛለሽ። ፊደል አለመቁጠሬን እንጂ ልብ እንደሌለኝ ማን ነገራችሁ? ያን ዘጠኝ ቀን ከመሬት ያነሣኋት እኔ ነኝ። ደሟን የጠረግሁት እኔ ነኝ። እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ትቋጥርልኛለች፤ አታየኝም። ሰኞ የጸሐፊው ደብዳቤ መጣና አስጠሯት። ጸሐፊው ማንበብ ሲጀምሩ «ሰምቼዋለሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ይጨርሱልኝ» እንዳለቻቸው በኋላ እሳቸው ነገሩኝ። ከእኔ አፍ የሰማችው ከዚያኛው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ እያመሳከረች ነበር። ይህ ከዝምታው ይልቅ ከበደኝ።

ማክሰኞ «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። ያለችውን እንዳለችው እጽፋለሁ።

ክኒኑ አይቆምም። ይህን ያለችው እኔን ሰምታ አይደለም። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ዘጠኙን ቀን እኔም አይቻቸዋለሁ። ለመቁጠር እርሳስ አያስፈልገኝም።»

መቀባቱም አይቆምም። እዚህ ላይ ተከራከርኳት። «እማዬ፣ ዘይቱ እኮ ምንም አያደርግም» አልኳት። «አንቺን ምን አደረገሽ?» አለችኝ። እሱንም ጻፍኩት።

ከእንግዲህ ከእርስዎ የሚመጣ ደብዳቤ በጸሐፊው አድራሻ ይሁን። የሚያነቡላት እሳቸው ናቸው። የምጽፍላትም ይህን የመጨረሻውን ነው። ይህን ስትናገር እየሰፋች ነበር፤ እኔ ጽፌ እስክጨርስ ሌላ ትራስ ጀመረች።

ቀጥላ ደግሞ ይህን አለች፦ «በያት፣ ስለቱን ትፍታው። ልጄ አንድ ዓመት ሳትወድቅ ላትኖር ትችላለች። ሐኪሙም ከዚህ አብልጦ ቃል አልሰጠኝም። ሳታያት ነው የተሳለችላት። መጥታ ትያት። ስትስቅም ትያት፣ ስትወድቅም ትያት። አልጋው ይበቃናል፤ ልጆች ሳለንም በቅቶናል።»

እትዬ፣ ይህን መስመር መጻፍ አልፈለግሁም። እንዲመጡ አልፈልግም። ልጅቷን የጣልሻት አንቺ ነሽ ያሉኝን ባልቀበለውም አልረሳውም፤ ግንባሯን በሳሙና ሳጥብላት ጠባሳው ጋ ስደርስ እጄ ይፈጥናል። ይህን ያደረጉብኝ እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ ጋር አንድ ቤት ማደር አልችልም። እናቴ ግን እንዲህ ብላለች፤ ጽፌዋለሁ።

አሁን የራሴን ልጻፍ። በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም። በዘይቱ አላምንም። በስለትዎም አላምንም፤ ለዘጠኙ ዓመት ግን አዝናለሁ፣ ሁለቱ ለእኔ አንድ አይደሉም። ፈጣሪ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሳስበው ውዬ ሳስበው አድራለሁ፤ አላወቅሁም። ግን አንዲትን ሕፃን በእህቷ ጥርጣሬ ምክንያት የሚጥል ፈጣሪ ካለ፣ እኔ አላከብረውም። ብፈራው እንኳ አላከብረውም።

ዕረፍቴ ነገ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያነቡላት ሥራ ላይ ብሆን ይቀለኝ ነበር። በዕረፍቴ ቀን እንዲያነቡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።

የእህትዎ ልጅ


በማግስቱ የተጨመረ

ተነበበ። ጸሐፊው ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ በሩን ዘጋሁት። እናቴ የጨርቁ ክምር ላይ ተቀምጣ ትንሿን አቅፋ ነበር፤ እኔ መስፊያው አጠገብ። የራሴ ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ እኔን ሳያዩ እናቴን አይዋት።

«እዚህ ጋ የልጅ ነገር አለበት» አሏት። «ልለፈው?»

እናቴ ትንሿን ከጭኗ አውርዳ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ምንም እንዳይዘሉ» አለቻቸው።

አነበቡት።